ውሃ ሲጎድል እጅህን ሰብስብ

ልጆቼ፣ አባቶቻችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር» ብለው መክረዋል። ለመንገደኛ የተነገረ እውነተኛ ምክር ነው። ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ዘሎ የሚገባ ሰው ነፍሱን ያጣል፤ ቀን ጠብቆ፣ ድንጋዩ ብቅ ብቅ ሲል የሚሻገር ግን ከነጭነቱ ቤቱ ይገባል። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህ ምክር የማይሠራበትን አንድ ቦታ ነው። በዋሽንግተንና በኦሪገን ወንዞች ስቲልሄድ የተባለውን ዓሣ በፍላይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ነፍሳት፣ ለማጥመድ የምትወጡ ሁሉ፣ የጎደለ ውሃ የሚከፍትላችሁን በር ዘላችሁ የምትገቡበት በር አታድርጉት። ያን ጊዜ ነው ማሰብ፤ ያን ጊዜ ነው እጅን መሰብሰብ።

ወንዝ መውረዳችሁን እወደዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ ለሚውል፣ ሆስፒታል ውስጥ ቆሞ ለሚያድር፣ በመጋዘን ዕቃ ሲያነሣና ሲጥል ለሚመሽበት ሰው የወንዝ ዳር አየር መድኃኒት ነው። ልጁን አስከትሎ፣ ስልኩን አጥፍቶ የሚሄድ አባት ደግሞ እጥፍ ያተርፋል። ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ዘንግ ከመግዛት፣ እስከ ደረት የሚደርሰውን የውሃ ሱሪ ከማጥለቅ በፊት የዓሣውን ኑሮ ማወቅ ይገባል። ኑሮውን ያላወቁለትን ፍጥረት በወጉ ማጥመድም፣ በወጉ መተውም አይቻልም።

በሀገራችን ነሐሴ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ የሚሞላበት ወር ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። የካስኬድ ተራሮች በረዶ በግንቦትና በሰኔ ቀልጦ ይወርዳል፤ ሐምሌ ሲጋመስ ወንዞቹ መክሳት ይጀምራሉ። በነሐሴና በመስከረም ስካይኮሚሽም ሆነ ስቲላጉአሚሽ፣ ወደ ደቡብም ኖርዝ አምፕኳ፣ አጥንታቸው ይወጣል። ባለፈው ወር ውሃ የነበረበት ጠጠር ደርቆ ይነጣል። የቀረው ውሃ ይጠራል፤ ዓሣው ከነጥላው በወንዙ ወለል ላይ ይታያል። ወጣት ዓይን ይህን ሲያይ ይጓጓል፤ «ይኸው ቆሟል፣ ምን ቀረኝ» ይላል። የጥሩ ውሃ ነገር ግን እንዲህ ነው፤ እናንተ ዓሣውን ባያችሁበት መንገድ ዓሣው እናንተን ያያል፣ ብዙውን ጊዜም ቀድሟችሁ።

አሁን ስለ ዓሣው ልንገራችሁ። ስቲልሄድ ቀስተ ደመና ትራውት ከሚባለው ዓሣ የተለየ ዘር አይደለም። አንዱ በተወለደበት ወንዝ ዕድሜውን ሲፈጽም ሌላው ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ባሕር ወርዶ የተመለሰው ስቲልሄድ ይባላል። ወንዝ የማይለቀው ወንድሙ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቋልና፣ ከዲንሾና ከጎባ አካባቢ የመጣችሁ መልኩን ሳታዩት አልቀራችሁም። የባሕሩ መንገደኛ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በወንዝ ተፈልፍሎ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል እዚያው አድጎ፣ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይወርዳል። እስከ አላስካ ባሕር ድረስ ተጉዞ፣ ወፍሮና ብር መስሎ፣ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል።

ከእነዚህ መንገደኞች መካከል የበጋ ስቲልሄድ የሚባሉት ከግንቦት ጀምረው ወንዝ ይገባሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ግን በመጪው ዓመት መጀመሪያ ወራት ነው። ግማሽ ዓመት የሚያልፍ ጊዜ በወንዝ ውስጥ ሲቆዩ የሚበሉት እምብዛም ነው። በነሐሴ የጎተራዋን ወለል እያየች፣ በቁና እየሰፈረች ልጆቿን እስከ እሸት የምታደርስ እናት እንዳለች፣ ይህም ዓሣ ከባሕር ባመጣው ስብ እየቆጠበ ነው እስከ መውለጃው የሚደርሰው። በጎደለ ውሃ አንድ ጊዜ ደንግጦ ሲሮጥ ከጎተራው አንድ ቁና ወጣ ማለት ነው። ተይዞ ሲታገል ብዙ ቁና ወጣ። አንዱ ሲለቀው ሌላው ከያዘው ጎተራው ለዘሩ ሳይተርፍ ያልቃል። የሰላማዊ ውቅያኖስ ሳልመን አንዴ ወልዶ ይሞታል፤ ስቲልሄድ ግን ዕድል ከቀናው ወልዶ ወደ ባሕር ተመልሶ እንደገና ሊመጣ የሚችል ዓሣ ነው። በደህና የለቀቃችሁት ዓሣ የነገም የከነገ ወዲያም ዓሣ ነው።

ሙቀቱን ደግሞ ጨምሩበት። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ገደማ ሊይዝ የሚችለው ውሃ፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ ከ9 ብዙም አያልፍም። በዚያው ሰዓት የዓሣው ሰውነት በሙቀቱ ምክንያት ከወትሮው የበለጠ ትንፋሽ ይፈልጋል። የሚፈልገው ሲበዛ የሚያገኘው ያንሳል። እንዲህ ባለ ውሃ ሲታገል የቆየ ዓሣ ከእጃችሁ ወጥቶ ሲዋኝ ደህና ይመስላችኋል፤ ከዓይናችሁ ርቆ፣ ከድንጋይ ሥር ገብቶ ይሞታል። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም። ውሃ የጎደለበት፣ የሞቀበትና መሸሸጊያ ያጣ ዓሣ የወደቀ ግንድ ነው። የሰው ልክ የሚታወቀው ምሳሩ በእጁ እያለ በዚህ ግንድ ፊት ሲቆም ነው።

ስለዚህ ከፍላይና ከዘንግ በፊት ቴርሞሜትር ኪሳችሁ ይግባ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ወንዝ እንደደረሳችሁ ውሃው ውስጥ ንከሩት፣ ጥቂት ቆዩና አንብቡት። 20 ዲግሪ፣ በዚህ ሀገር መለኪያ 68 ፋራናይት፣ ከሆነ ዘንጋችሁን አትዘርጉ። ጠዋት 17 እና 18 ካያችሁም ከሰዓት የት እንደሚደርስ አስቡና ቀድማችሁ ተነሡ። በበጋ ሙቀት ሲበረታ መንግሥት ራሱ አንዳንድ ወንዞችን ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ማጥመድ ይከለከላል፣ ጠዋት ይከፈታል። ማስታወቂያውን ሁልጊዜ ከመውጣታችሁ በፊት ተመልከቱ። ይሁንና ማስታወቂያ ስላልወጣ ብቻ ውሃው አልሞቀም ማለት አይደለም። ሕግ እስኪከለክለው የሚጠብቅና ኅሊናው ቀድሞ የሚከለክለው ሰው እኩል አይደሉም።

ውሃው ቀዝቅዞ ካገኛችሁት ደግሞ በሚገባው ወግ ቅረቡ። ጊዜው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ጎህ ነው፣ ወንዙ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረው ያኔ ነውና። ቦታው ሰነፍ ዓይን የሚያርፍበት ጥልቅና ዝም ያለ ውሃ ላይሆን ይችላል። በጎደለ ጊዜ ስቲልሄድ ብዙውን ጊዜ ከጥልቁ ራስ ላይ፣ ውሃው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ አረፋ በሚደፍቅበት ቦታ ይቆማል። አረፋው ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ የተሰባበረው የውሃ ፊት ከንስርና ከሰው ዓይን ይሸሽገዋል። ትልልቅ ድንጋዮች ሥር፣ ዛፍ ጥላውን በጣለበት ዳር፣ ወለሉ ጠቆር ብሎ በሚታይበት ሰርጥ ፈልጉት።

ትልቁ ጥበብ እግር ላይ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ጎህ ላይ ስቲልሄድ ጉልበት በማይደርስ ውሃ፣ ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ግን መኪናውን አቁሞ፣ እየሮጠ ወርዶ፣ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ ወደ ማዶ ይወረውራል። የመጣለትን ዓሣ ረግጦት አልፏል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በወንዝ ግን ያፈሰሱት አይለቀምም፤ የደነገጠ ዓሣ ያን ጠዋት አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ከዳሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ዝም ብላችሁ እዩ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ከሆነች ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ጎንበስ በሉ። የመጀመሪያውን ውርወራ እግራችሁ ሳይረጥብ፣ በአጭር ክር አድርጉት፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂት አርዝሙት። ውሃው ውስጥ መግባት ግድ ካላችሁ ድንጋይ ከድንጋይ እንዳይጋጭ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ርገጡ። በጎደለ ወንዝ ያለች የድንጋይ ድምፅ ሩቅ ትሄዳለች።

ወንዙ አነሰ ብላችሁም አትናቁት። የእነዚህ ወንዞች ድንጋይ በበጋ አረንጓዴ ልባስ ይለብሳል፤ ሲረገጥ ያንሸራትታል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት አባቶች የዋናተኛን ሞት አይተው ነው። ምርኩዝ ያዙ፤ የውሃ ሱሪያችሁን በወገባችሁ በቀበቶ አጥብቁ፤ ብቻችሁን የምትወጡ ከሆነ የት እንደምትውሉ ለቤት ሰው ተናገሩ።

አሁን ወደ ፍላዩ እንምጣ። ፍላይ ማለት በመንጠቆ ላይ በክር፣ በላባና በጠጉር የሚታሰር ሰው ሠራሽ ነፍሳት ነው። ውሃ ሞልቶ ሲደፈርስ ትልቅና ደማቅ ይጠቅማል፤ ሲጎድልና ሲጠራ ግን አነስ ያለ፣ ሳሳ ያለ፣ ጠቆር ያለ ይሻላል። ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ ላይ የታሰረ፣ ራሱ ከአጋዘን ጠጉር የተሠራ ሙድለር ብዙ ሰው ይወደዋል፤ በውሃው ፊት ላይ ሲሳብ ቀጭን መስመር እየጣለ ያልፋል። ተንሳፋፊ ገመድ ተጠቀሙ። ጫፉ ላይ የምታስሩት ጥሩ ክር ረጅም ይሁን፣ ሦስት ሜትር ተኩል ወይም አራት። ቀጭን ይሁን፣ ግን ከልክ በላይ አታቅጥኑት፤ በጣም የቀጠነ ክር ዓሣውን ቶሎ ማውጣት ስለማያስችል ትግሉን ያረዝመዋል፣ ትግሉ የሚበላውም ያንኑ ጎተራ ነው። ስምንት ፓውንድ የሚሸከም ክር ለአብዛኛው የበጋ ወንዝ ይበቃል።

አወራወሩ ቀላል ነው፤ ከባዱ መታገሡ ነው። ገመዱን ወደ ማዶ፣ ወደ ወንዙ ቁልቁለት ዘንበል አድርጋችሁ ጣሉት። ከዚያ ውሃው ራሱ ፍላዩን እየገፋ፣ ግማሽ ክብ እየሠራ፣ ወደ እናንተ ዳር ያመጣዋል። ሥራው የውሃው ነው፤ የእናንተ ድርሻ አለመንካት ነው። ገመዱ ከበታቻችሁ ተዘርግቶ ሲቆም ጥቂት ጠብቁ፣ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ውረዱ፣ ድገሙት። አንዱን ቦታ ደጋግሞ መደብደብ አያዋጣም፤ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ነው። በጥሩና በጎደለ ውሃ አንድ ጊዜ በወጉ ያለፈ ፍላይ ሃያ ጊዜ ከተወረወረው ይበልጣል፤ በየውርወራው ዓሣው ይበልጥ ይጠራጠራልና።

ዓሣው ሲመጣ ደግሞ ልብ ትፈተናለች። ከፍላዩ ኋላ ውሃው ያብጣል፤ አንዳንዴም አፍንጫው ብቅ ይላል። እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ መንጠቅ ይፈልጋል። ከነጠቃችሁ ከአፉ ታወጡታላችሁ። ተዉት፤ ይዞት ይዙር፤ ክብደቱ በገመዱ ላይ ሲሰማችሁ ያኔ ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ አንሡ። መጥቶ ሳይይዝ ከተመለሰም ወዲያው አትወርውሩበት። ቁሙ፤ ትንፋሽ ስጡት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዚያው ርዝመት አንድ ጊዜ፣ ካልሆነም በሚያንስ ፍላይ ሌላ አንድ ጊዜ ሞክሩት። እንቢ ካለ እንቢ ብሏል፤ እለፉት። እንቢታን መቀበል ያልለመደ ሰው በወንዝም በትዳርም በንግድም ይቸገራል።

በጎደለ ውሃ ሌላም ፈተና አለ። ዓሦቹ ተሰብስበው ሲታዩ፣ ፍላዩን ሊይዙ ፈቃደኛ ባይሆኑም፣ መንጠቆውን በመካከላቸው ጎትቶ ሆዳቸውን ወይም ጅራታቸውን መውጋት የሚከጅለው አለ። ይህ በሕግ የተከለከለ፣ በወግም የተነወረ ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። በዚህ ሀገር የሚወጣው ዘንዶ የገንዘብ ቅጣት፣ የፈቃድ መነጠቅና የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ የወረቀት ጉዳዩ ላላለቀለት ስደተኛ ደግሞ ይህ ጣጣው ከዓሣው ይከብዳል። በአጋጣሚ እንዲህ የተወጋ ዓሣ ካጋጠማችሁ ክሩን ወዲያው አላሉና ይሂድ።

የያዛችሁትን ፈጥናችሁ ወደ ዳር አምጡት፤ ለመዝናናት አታስሩጡት። ከጀርባው ኋላ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ ያለችውን ትንሿን ሥጋማ ክንፍ ተመልከቱ። ተቆርጣ ካገኛችኋት በማራቢያ ጣቢያ ያደገ ነው፤ የወንዙ ደንብ ከፈቀደ ለማዕድ መውሰድ ትችላላችሁ፣ በልቶ ማመስገንም ነውር የለበትም። ክንፏ ሙሉ ከሆነች ግን ዓሣው የወንዙ ተወላጅ ነው፤ በዋሽንግተን መለቀቅ አለበት፣ ከውሃ ጨርሶ ማውጣትም ክልክል ነው። እጃችሁን አርጥቡ፤ በደረቅ እጅ ሲያዝ ገላውን ከሕመም የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋል። ጠጠር ላይ አታጋድሙት። ስንጥቡን አትንኩ። በአንድ እጅ የጅራቱን ሥር፣ በሌላው ከደረቱ ሥር ደግፉት፤ ራሱ ወደሚመጣው ውሃ ይዙር። ጭራ የሌለው መንጠቆ ከተጠቀማችሁ በሁለት ጣት ይወጣል። ጉልበቱ ሲመለስ ከእጃችሁ ራሱ ገፍቶ ይሄዳል። ፎቶ ካስፈለገ ከውሃው ሳይወጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ለቴሌግራም ምስል ሲባል አየር ላይ የተንጠለጠለ ዓሣ ትንፋሹ የተቋረጠ ፍጥረት ነው።

አሁን ዋናውን ልናገር። በበጋ ሙቀት ወንዙ ሲሞቅ፣ ስቲልሄድ ቀዝቃዛ ገባር ወደሚቀላቀልበት አፍ ወይም ከወለሉ ምንጭ ወደሚፈልቅበት ጥልቅ ይሸሻል። ጥቂት እርምጃ ስፋት ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብዙ ዓሣ ተጨናንቆ ልታዩ ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ስታገኙ «አገኘሁ» አትበሉ። መጠጊያቸው ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። መጠጊያ የገባን ማሳደድ በሀገራችን ነውር ነው፤ ደመኛ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ከገባ፣ ከሽማግሌ እግር ሥር ከወደቀ አይነካም።

ይህን በሥራ ያሳየ ሰው አለ። በኦሪገን ወደ ኖርዝ አምፕኳ የሚገባ ስቲምቦት ክሪክ የሚባል ገባር አለ፤ የዓሣው መውለጃ ስለሆነ ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአጥማጅ ዝግ ነው። በዚህ ገባር ላይ ቢግ ቤንድ የሚባለው ጥልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚረዳ በየበጋው ብዙ ስቲልሄዶች ተሰብስበው ይከርሙበታል። ዓሣ መሰብሰቡን ያወቁ ሌቦች በሌሊት ይመጡ ነበር፤ ድማሚት የጣሉበትም ጊዜ ነበር። ሊ ስፔንሰር የተባለ ሰው ከ1999 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከውሻው ጋር በዚያ ጥልቅ ዳር እየተቀመጠ ጠበቃቸው። መሣሪያው ዓይኑና ማስታወሻ ደብተሩ ነበር። ሰው ተቀምጦ እያየ ሌባ አይደፍርም፤ መገኘቱ ብቻ አጥር ሆነ። ራሱም አጥማጅ ነበር፤ ወንዝ ሲወጣ ግን የፍላዩን መንጠቆ ሹል ቆርጦ ይወረውር ነበር። ዓሣው ለፍላዩ ሲነሣ ማየት በቃው። እናንተ መንጠቆአችሁን ቁረጡ አልላችሁም። አንድ ሰው ከሚወደው ነገር ላይ የራሱን ድርሻ በፈቃዱ መቀነስ እንደሚችል ግን እወቁ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና የውሃው ሙቀት ከየት እንደመጣም ጠይቁ። በዚያው በኖርዝ አምፕኳ ዳር ፍራንክ ሙር የተባለ ሽማግሌ ይኖር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርማንዲ የዘመተ ወታደር ነው፤ ሲመለስ ከባለቤቱ ከጂን ጋር በወንዙ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ከፈተ። በ1960ዎቹ የእንጨት ኩባንያዎች ዓሣ የሚወለድባቸውን ትንንሽ ጅረቶች እስከ ዳራቸው ሲመነጥሩ አየ። ጥላ የሌለው ጅረት ይሞቃል፤ ሥር ያልያዘው አፈር ወርዶ እንቁላሉን ይቀብራል። ዝም አላለም፤ ጉዳቱ በፊልም ተቀርጾ ሕዝብና ሹም እንዲያየው ረዳ። ኦሪገን በ1971 ባወጣችው የደን አያያዝ ሕግ ውስጥ የእርሱና የመሰሎቹ ድምፅ አለበት። በ2019 በእርሱና በባለቤቱ ስም 100,000 ኤከር ገደማ ደን ለስቲልሄድ መጠበቂያ በአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ ተከለለ። በዓመቱ የተነሣ የደን እሳት የወንዙን ዳር ሲበላ ቤቱንም አቃጠለበት። በ2022 በ98 ዓመቱ አረፈ። ወንዝን መውደድ ማለት ጥላውንም፣ አፈሩንም፣ ከላይ ያለውን ጅረትም መውደድ መሆኑን በኑሮው አስተማረ። በሀገራችንም የወንዝ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ምንጩ እንደሚደርቅ የማያውቅ ገበሬ የለም።

የማይሰማ ሰው ብዙ አለና መዘዙንም ልንገራችሁ። በ2021 በጋ በኮሎምቢያ ወንዝ በቦንቪል ግድብ ያለፈው ስቲልሄድ፣ ቆጠራ በ1938 ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት እጅግ ዝቅተኞቹ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ውሃው ሞቀ፤ የተመለሰው ዓሣ ጥቂት ሆነ፤ ኖርዝ አምፕኳ ለወራት ለአጥማጅ ተዘጋ። የፑጀት ሳውንድ ስቲልሄድም ከ2007 ጀምሮ በሕግ አደጋ ላይ ያለ ተብሎ ተመዝግቧል። ጥፋቱ የአጥማጅ ብቻ አይደለም፤ ግድቡም፣ ምንጣሮውም፣ የባሕሩ መሞቅም አሉበት። ግን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንዳንባል፣ በእጃችን ያለውን ድርሻ እናስተካክል። ግድብ ማፍረስ የእኛ አቅም ላይሆን ይችላል፤ በሞቀ ቀን ዘንግ አለመዘርጋት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

እንግዳ መሆናችንንም አንርሳ። እነዚህ ወንዞች ከእኛም፣ ከነጩም ሰው በፊት ባለቤት ነበራቸው። የፑጀት ሳውንድ ነባር ሕዝቦች በ1854 እና በ1855 በተፈረሙ ውሎች ሰፊ ምድራቸውን ሲለቁ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ግን አልለቀቁም። በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ከሚያዘው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ ድርሻ እንዳላቸው ፈረደላቸው። መረባቸውን ዘርግተው ስታዩ አታጉረምርሙ፤ ሰላም በሉ። ፈቃዳችሁን አውጡ፤ የየወንዙን ደንብ አንብቡ፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናት አባቶች አስረዱ። ቀድሟችሁ በጥልቁ ራስ ላይ የቆመ ሰው ካለ ከፊቱ አትግቡ፤ ከኋላው ሆናችሁ ተራችሁን ጠብቁ፣ ወይም ጠይቁት። ሰላምታ ያስቀደመ ሰው በማንም ወንዝ ዳር ቦታ አያጣም።

ልጆቻችሁን የምታስከትሉ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ልጅ የሚማረው ከነገሩት ይልቅ ካየው ነው። ሩቅ ነድታችሁ፣ ነዳጅ አቃጥላችሁ፣ ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ሲያሳያችሁ ዘንጉን ሳትዘረጉ የተመለሳችሁባት ቀን ለልጃችሁ ትልቋ ትምህርት ትሆናለች። በዚያ ቀን ውሃው ዳር ቁጭ ብላችሁ ዳቦ በሻይ ብሉ፤ ዓሣው የት እንደቆመ በሩቁ አሳዩት፤ ለምን እንደማትነኩት ንገሩት። ያ ልጅ አድጎ ሥልጣን ወይም ገንዘብ ሲይዝ፣ ደካማ ሰው በእጁ ሲወድቅ፣ አባቱ ምን እንዳደረገ ያስታውሳል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ውሃው ሲቀዘቅዝ በትዕግሥት አጥምዱ፣ ሲሞቅ ተዉት፣ መጠጊያ የገባውን አትንኩ፣ የያዛችሁትን በክብር ልቀቁ። ቀዝቃዛ ውሃ አይጥፋባችሁ። እግራችሁ ከሚያዳልጥ ድንጋይ ይጠበቅ። የለቀቃችሁት ዓሣ ወልዶ ከብዶ ይመለስላችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁም በዚያው ወንዝ ያግኙት። አሜን በሉ።